ከማደንዘዣ በፊት ስለሚደረገው የአፍና የአንገት ምርመራ

ሰው ምግብ ሳይበላ ብዙ ቀን፥ ውኃ ሳይጠጣም ጥቂት ቀን ሊሰነብት ይችላል። አየር አጥቶ ሊቈይ የሚችለው ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አንጐል አየር ካጣ አራትና አምስት ደቂቃ ባለፈ ጊዜ ጉዳቱ የማይመለስ መሆን ይጀምራል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በገባ ጊዜ ይህን እውነት የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። በሽተኛው የሚፈራው ስለቱን ነው፤ ዘመዶቹም የሚጠይቁት ስለ ቀዳጁ ሐኪም ስምና ችሎታ ነው። ይሁን እንጂ ስለቱ ገላውን ከመንካቱ አስቀድሞ የበሽተኛው ትንፋሽ በሌላ ሰው እጅ የሚወድቅበት አጭር ጊዜ አለ። በዚህ ወር ልንጽፍ ያሰብነውም ስለዚያ አጭር ጊዜና ከእርሱ በፊት ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ ነው።

ለቡአ ቀዶ ሕክምና የመጣ ሰው፥ «እስቲ አፍዎን ይክፈቱ፤ ምላስዎን ያውጡ፤ አንገትዎንም ወደ ላይ ቀና ያድርጉ» ሲባል ይደነቃል። «ሕመሜ ከሆዴ በታች ነው፤ አፌን ማየት ምን ይጠቅማል?» የሚለውም ብዙ ነው። አንዳንዱ ምርመራውን እንደ ንቀት ይቈጥረዋል፤ አንዳንዱም ጥርሱ መርገፉን ላለማሳየት አፉን በግማሽ ከፍቶ ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የምርመራው ምክንያት ስላልተነገረው ነው። ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድመን እናስረዳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠቅላላ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው በተፈጥሮ እንቅልፍ እንደ ተኛ ሰው አይደለም። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹ ቢታፈን ይገላበጣል፥ ይባንናል፥ ይነቃል። በማደንዘዣ የተኛ ሰው ግን ጡንቻዎቹ ስለሚዝሉ ምላሱ ወደ ጉሮሮው ይወድቃል፤ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ከተጨመረለትም ትንፋሹ ፈጽሞ ይቆማል። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያው በፊቱ ላይ ጭንብል ገጥሞ አየር እየገፋ በእርሱ ፈንታ ይተነፍስለታል። ቀጥሎም ላሪንጎስኮፕ በሚባል ባለ መብራት መሣሪያ ምላሱን ከፍ አድርጎ፥ በማንቁርቱ ውስጥ ያለችውን ጠባብ በር እያየ፥ ቀጭን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ያስገባለታል። ይህ ሥራ በለመደ ሰው እጅ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል።

በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ያች በር አትታይም። ምላሱ ለአፉ የሰፋ፥ አገጩ ወደ ኋላ የገባ፥ አፉ እንደሚገባ የማይከፈት፥ ወይም አንገቱ ወደ ኋላ የማይታጠፍ ይሆናል። ባለሙያው አንድ ጊዜ ይሞክራል፥ ሁለተኛም ይሞክራል፤ ሙከራው በተደጋገመ መጠን ጉሮሮው እያበጠና እየደማ ይሄዳል። በጭንብሉ አየር መስጠት ከተቻለ መላ ለመፈለግ ጊዜ ይገኛል። ቱቦውም አልገባ፥ በጭንብሉም አየር አልሄድ ካለ ግን የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቈጠር ነው። ከማደንዘዙ በፊት ለ3 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን የተነፈሰ ጤናማ ጐልማሳ እስከ 8 ደቂቃ ሊቈይ ሲችል፥ ይህ ያልተደረገለት ሰው ግን በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ በደሙ ያለው ኦክስጅን ይወርድበታል። ለነፍሰ ጡር ሴት፥ ለሕፃንና በጣም ለወፈረ ሰው ጊዜው ከዚህም ያጥራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በሯ የማትታይበት ሰው ማን እንደ ሆነ ማደንዘዣው ሳይሰጥ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

ይህ ጥያቄ ከሥራው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በሐኪሞች ፊት በይፋ የታየው ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ነው። ከዚህ 32 ዓመት በኋላ፥ በ1878፥ በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ ይሠሩ ለነበሩት ለቀዳጁ ሐኪም ለዊልያም ማኬወን በምላሱ ሥር ነቀርሳ የበቀለበት አንድ በሽተኛ ቀረበላቸው። ሲቀደድ ደሙ ወደ አየር ቧንቧው እንደሚወርድ አስቀድመው ተረዱ። በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ አንገትን ከፊት በኩል ከፍቶ ቱቦ ማግባት ነበር። እርሳቸው ግን አስቀድመው በሬሳ ላይ ተለማምደው፥ በሽተኛው ነቅቶ ሳለ፥ ጣታቸውን መሪ አድርገው ቱቦውን በአፉ በኩል ወደ አየር ቧንቧው አስገቡ፤ ክሎሮፎርሙ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። በአፍ በኩል ቱቦ ገብቶላቸው ማደንዘዣ ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል ከመጀመሪያዎቹ የሚቈጠረው ይህ በሽተኛ፥ ችግሩ አስቀድሞ የታወቀለት ሰው ነበር። ችግሩ አስቀድሞ ስለ ታወቀም መንገዱ አስቀድሞ ተዘጋጀለት።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየተሻሻለ ሄደ። በ1943 በኦክስፎርድ ያስተምሩ የነበሩት ሮበርት ማኪንቶሽ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሠራበትን ጐበጥ ያለውን ላሪንጎስኮፕ አወጡ። በሽተኛውን አስቀድሞ የመለየቱ ነገር ግን ለብዙ ዘመን በባለሙያው ግምት ላይ ብቻ የቀረ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት፥ ሕንድ አገር ተወልደው በቦስተን ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሰሻጊሪ ማላምፓቲ አንድ ቀላል ሐሳብ አቀረቡ። የምላስ ሥር ለአፉ ስፋት የበዛ እንደ ሆነ ማንቁርቱን ይሸፍናል፤ መሸፈኑንም አፍ ተከፍቶ እንጥል በመታየቱና ባለመታየቱ ማወቅ ይቻላል የሚል ነው። በ210 በሽተኞች ላይ ያደረጉትን ምርመራ በ1985 አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላም ሳምሱንና ያንግ የተባሉ ሐኪሞች የማላምፓቲን ሦስት ደረጃ አራት አደረጉት፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትም ይኸው ነው።

ምርመራው መሣሪያ የማይጠይቅ ስለ ሆነ አንባቢ በመስተዋት ፊት ራሱን ሊያይ ይችላል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፥ ድምፅ ሳያሰማ፥ አፉን እስከ ቻለው ከፍቶ ምላሱን ያውጣ። ለስላሳው ላንቃ፥ እንጥሉና በግራና በቀኝ ያሉት የጉሮሮ ዓምዶች ሁሉ ከታዩ አንደኛ ደረጃ ይባላል። ዓምዶቹ ተሸፍነው እንጥሉ ከታየ ሁለተኛ፥ የእንጥሉ ሥር ብቻ ከታየ ሦስተኛ፥ ጠንካራው ላንቃ ብቻ ከታየ አራተኛ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ብርቱ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

ይህ ምርመራ ግን ብቻውን አይበቃም። ባለሙያው አፍ በተከፈተ ጊዜ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ሦስት ጣት ይገባ እንደ ሆነ ይመለከታል። አንገት ወደ ኋላ ተቀልብሶ ከማንቁርት ጫፍ እስከ አገጭ ያለው ርቀት ከ6 ሳንቲሜትር ተኩል ያነሰ እንደ ሆነ ይለካል። የታችኛው ጥርስ ወደ ፊት ወጥቶ የላይኛውን ከንፈር ለመንከስ ይችል እንደ ሆነ ይፈትናል። የሚነቃነቅ ጥርስና ሰው ሠራሽ ጥርስ መኖሩን ይጠይቃል። ጭንብሉ በፊት ላይ በደንብ ይገጥም እንደ ሆነም ማሰብ አለበት። በ2000 ከፓሪስ የወጣ፥ በ1,502 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በጭንብል አየር ለመስጠት የሚያስቸግሩትን አምስት ምልክቶች ዘርዝሯል፤ እነርሱም ጢም፥ የሰውነት ውፍረት፥ ጥርስ አለመኖር፥ ማንኮራፋትና ከ55 ዓመት በላይ የሆነ ዕድሜ ናቸው።

በአገራችን ደግሞ በተለይ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው እንቅርት ነው። ትልቅ እንቅርት የአየር ቧንቧውን ወደ ጐን ሊገፋው ወይም ሊያጠበው ይችላል። በጀርባው ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ድምፁ የተለወጠ ባለ እንቅርት፥ ይህን ሳይናገር ማደንዘዣ ሊወስድ አይገባውም። ሁለተኛው የእሳት ጠባሳ ነው። በሚጥል በሽታ ምክንያት ወይም በልጅነቱ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው፥ ጠባሳው አገጩን ከደረቱ ጋር አያይዞት አንገቱ ቀና የማይልበት ጊዜ አለ። ሦስተኛው እንጥልን የማስቈረጥ ልማድ ነው። ይህን ጐጂ ልማድ ሁልጊዜ የምንቃወመው ስለሚያስከትለው መድማትና መመርቀዝ ቢሆንም፥ ሌላም ጣጣ አለው። የማላምፓቲ ምርመራ የሚመለከተው እንጥልን ነውና፥ እንጥሉ በልጅነቱ የተቈረጠበት ሰው መርማሪውን ሊያሳስት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ነገሩን ይናገር፤ መርማሪውም በእንጥሉ ፈንታ ላንቃውንና የጉሮሮውን ዓምዶች አጥብቆ ይመልከት። አራተኛው የጢም ነገር ነው። ጢማቸውን ላለመላጨት ሥርዓታቸው የሚያስገድዳቸው ካህናትና መነኮሳት አሉ። በዚህ የሚያፍሩበት ነገር የለም፤ ባለሙያው አስቀድሞ ካወቀው ጭንብሉ እንዲገጥም የሚያደርግ ዘዴ ወይም ጭንብል የማያስፈልገው ሌላ መንገድ ያዘጋጃል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ይህ ምርመራ ሁሉ ፍጹም አይደለም። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ከእርሱ በፊት የተደረጉ 35 ጥናቶችን ሰብስቦ የ50,760 ሰዎችን ነገር አመዛዝኖ ነበር። ቱቦ ማስገባቱ አስቸጋሪ የሆነው ከመቶ ሰው በስድስቱ ያህል ሲሆን፥ በጣም በወፈሩ ሰዎች ግን ከመቶ ወደ 16 ይደርስ ነበር። የማላምፓቲ ምርመራ ለብቻው ከእነዚህ አስቸጋሪዎች መካከል ለይቶ ያሳየው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። በ2015 ከዴንማርክ የወጣው ጥናት ደግሞ የባሰውን አሳየ። በአገሩ መዝገብ ከተጻፉት 188,064 በሽተኞች መካከል 3,391 ሰዎች ቱቦ ለማስገባት አስቸጋሪ ሆነው ተገኙ፤ ከእነዚህም 3,154ቱ፥ ማለት ከመቶ 93ቱ፥ አስቀድሞ ማንም ያልጠረጠራቸው ነበሩ። አስቸጋሪ ይሆናሉ ተብለው ከተጠረጠሩት 929 ሰዎችም በእርግጥ አስቸጋሪ የሆኑት ከአራት አንዱ ያህል ብቻ ናቸው።

ይህን ያነበበ ሰው፥ «እንግዲያስ እንዲህ ያለ የማይታመን ምርመራ ምን ይረባል? ጊዜ ማባከን አይደለምን?» ይል ይሆናል። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ እውነት ይመስላል። እኛ ግን ከዚሁ ቍጥር የምንወስደው ትምህርት ሌላ ነው።

በመጀመሪያ፥ የሁለቱ ስሕተቶች ዋጋ እኩል አይደለም። ያለ ምክንያት የተጠረጠረ ሰው የሚያጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንድ ተጨማሪ ባለሙያ ይጠራለታል፥ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ይቀርብለታል፥ ምንም ሳይሆን ይነሣል። ሳይጠረጠር ያለፈ ሰው ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛ፥ ምርመራው «አያሠጋም» ማለቱ ዋስትና አለመሆኑን ካወቅን፥ ዝግጅቱ ለተጠረጠረው ብቻ ሳይሆን ለሰው ሁሉ መደረግ አለበት ማለት ነው። አባቶቻችን «ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሦስተኛ፥ ባለሙያው ይህን ምርመራ ለማድረግ ከበሽተኛው አጠገብ መቀመጥና መነጋገር ግድ ይሆንበታል። በዚህ ንግግር ጊዜ ጣት ለክቶ የማያገኘው ነገር ይገለጣል፤ ማታ ማታ ትንፋሹ የሚቋረጥ መሆኑ፥ አንድ ጊዜ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ከነቃ በኋላ ጉሮሮው ለብዙ ቀን ታምሞ እንደ ነበረ፥ ወይም ጥርሱ ተሰብሮ መነሣቱ ይነገራል።

አስቀድሞ መጠርጠር የሚጠቅመው አስቀድሞ ለማዘጋጀት ነው። አስጊ መሆኑ የታወቀ በሽተኛ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ከፈቀደ በወገብ በኩል በሚሰጥ ማደንዘዣ ነቅቶ ሊታከም ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት ይህ ብዙ ጊዜ የተሻለው መንገድ ነው። ጠቅላላ ማደንዘዣ የግድ ከሆነም ማኬወን እንዳደረጉት በሽተኛው ነቅቶ ሳለ፥ ዛሬ ደግሞ ጉሮሮው በመድኃኒት ደንዝዞ እንዳያመው ተደርጎ፥ ቱቦውን ማስገባት ይቻላል። በቪዲዮ የሚያሳይ ላሪንጎስኮፕ አለ፤ ቱቦውን የሚመራ ቀጭን ዘንግ አለ፤ በእንግሊዛዊው ሐኪም በአርቺ ብሬን በ1981 ታስቦ ከ1988 ጀምሮ ለአገልግሎት የዋለው በማንቁርት ላይ የሚቀመጥ ጭንብልም አለ። ይህ ሁሉ በማይገኝበት ሆስፒታል አስቸኳይ ያልሆነውን በሽተኛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ ኀፍረት ሳይሆን ዕውቀት ነው።

ዝግጅቱ መሣሪያ መግዛት ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ አሳዛኝ ታሪክ አለ። በ2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት ወጣት እናት ቀላል ለሆነ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ተሰጣት። ብርቱ ችግር ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ከተኛች በኋላ ግን አየር መስጠትም ቱቦ ማስገባትም አልተቻለም። በክፍሉ የነበሩት ሐኪሞች ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ መሣሪያም አልጐደለም። አንገትን ከፊት ከፍቶ አየር ለመስጠት የሚያስፈልገውን ዕቃ ነርሶቹ አምጥተው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቱቦውን በአፍ ለማስገባት መሞከራቸውን ስለ ቀጠሉ ጊዜው እንዴት እንደ ነጐደ አላስተዋሉም። ሴቲቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች። ባልዋ የአውሮፕላን አብራሪ ነበርና ሐኪሞቹን ለመበቀል አልተነሣም፤ በአብራሪዎች ዘንድ እንደሚደረገው ስሕተቱ በግልጽ እንዲጠናና ሌሎች እንዲማሩበት ጠየቀ። ከዚህ የምንማረው፥ የመጀመሪያው መንገድ ሳይሳካ ሲቀር ሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ሳይሳካ ሲቀር ሦስተኛው ምን እንደ ሆነ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት በቃል መነገር እንዳለበት ነው። በዚያች ሰዓት በክፍሉ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ፥ ታናሽም ቢሆን፥ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ለመናገር መፈቀዱን ማወቅ አለበት።

የእንግሊዝ የማደንዘዣ ሐኪሞች ኮሌጅ ለአንድ ዓመት ያህል በመላው አገሩ የደረሱትን እንዲህ ያሉ ከባድ አደጋዎች አስመዝግቦ በ2011 አንድ ትልቅ ዘገባ አወጣ። በማደንዘዣ ጊዜ የደረሱት 133 አደጋዎች ሲሆኑ ከእነዚህ 16 ሰዎች ሞተዋል። ቍጥሩ በዓመት ከሚሰጠው 2.9 ሚሊዮን ያህል ጠቅላላ ማደንዘዣ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ነገር ግን ዘገባው ደጋግሞ ከጠቀሳቸው ጉድለቶች መካከል በሽተኛውን አስቀድሞ በሚገባ አለመመርመርና፥ ምርመራው አሥጊነቱን ካሳየ በኋላም አሳቡን አለመለወጥ ይገኙበታል። መርምሮ ያገኙትን ቸል ማለት ካለመመርመር አይሻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት መጠይቅ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ፥ «የበሽተኛው የአየር መንገድ ያሠጋልን?» የሚል ነው። ይህ መጠይቅ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተፈትኖ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ በምሥራቅ አፍሪካ በታንዛንያ በኢፋካራ ያለው ነው። በ2009 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፥ መጠይቁ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። ይህ ፍሬ የመጠይቁ ሁሉ እንጂ የዚህ የአንዱ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም አስቀድሞ ጠይቆ የመጀመር ልማድ ሕይወት እንደሚያድን ያስረዳል።

አሁን ዋና ወደምንለው ሐሳብ ደርሰናል። ከእንጥልና ከአገጭ ይልቅ ስለ ወደፊቱ አጥብቆ የሚናገር አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም ያለፈው ጊዜ ነው። ከዚህ በፊት ቱቦ ለማስገባት ያስቸገረ ሰው እንደ ገና የማስቸገሩ ነገር ብርቱ ነው። ነገር ግን ይህን ምስክር ማን ይሰማዋል? በሽተኛው በዚያች ሰዓት ተኝቶ ስለ ነበር የሆነውን አያውቅም። የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው። ባለሙያው «አለፈልን» ብሎ ዝም ካለ፥ ምስክርነቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። በሽተኛው ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ፥ በሌላ ባለሙያ ፊት፥ ምንም እንዳልነበረበት ሰው ሆኖ ይተኛል። የመጀመሪያው ባለሙያ በጭንቅ ያገኘውን ዕውቀት ሁለተኛው ደግሞ በጭንቅ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። እኛ ይህን ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ያለ ምንም ወጪ በአንድ ወረቀት ሊቀር የሚችል ጥፋት ነው። በአሜሪካ አገር እንዲህ ያሉት ሰዎች ስም ከ1992 ጀምሮ በልዩ መዝገብ እንዲጻፍና ሰዎቹም ምልክት እንዲይዙ ተደርጓል። እኛ መዝገቡ እስኪዘጋጅ መጠበቅ አያስፈልገንም። ምን ችግር እንደ ደረሰ፥ ምን እንደ ተሞከረ፥ በመጨረሻም በምን ዘዴ እንደ ተሳካ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ፥ በማኅተም ታትሞ ለበሽተኛው ይሰጥ። ይህን መጻፍ የባለሙያውን ድካም አይገልጥም፤ ታማኝነቱን ይገልጣል እንጂ።

ስለዚህ በሦስት ወገን ላሉት ሰዎች አደራ እንላለን።

ለማደንዘዣ ባለሙያዎች፦ ቀዶ ሕክምናው ትንሽም ቢሆን፥ ሰልፉም ቢረዝም፥ የበሽተኛውን አፍና አንገት ሳታዩ አትጀምሩ። ያያችሁትን በመዝገቡ ላይ ጻፉ። ሁለተኛውን መንገድ ሳታዘጋጁ የመጀመሪያውን አትሞክሩ። ያስቸገራችሁን በሽተኛ ሲነቃ በቀስታ አስረድታችሁ ወረቀቱን ስጡት።

ለሆስፒታል ኀላፊዎች፦ በሽተኛው ከቀዶ ሕክምናው ቀን አስቀድሞ በማደንዘዣ ባለሙያ የሚታይበት ጊዜና ቦታ ይኑር። በአልጋ እየተገፋ ወደ ክፍሉ ሲገባ የሚደረግ ምርመራ ለማዘጋጀት ጊዜ አይተውም። በችግር ጊዜ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች በተቈለፈ ቁም ሣጥን ሳይሆን እጅ በሚደርስበት አንድ ቦታ ይቀመጡ።

ለበሽተኞችና ለዘመዶቻቸው፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለ ምንም አትደብቁ። የምታንኰራፉ ከሆነ፥ ሰው ሠራሽ ወይም የሚነቃነቅ ጥርስ ካላችሁ፥ በአንገታችሁ ላይ እንቅርት ወይም ጠባሳ ካለ፥ ቀድሞ ማደንዘዣ ተሰጥቷችሁ ችግር ገጥሟችሁ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር የተሰጣችሁን ወረቀት እንደ ርስት ደብዳቤ ጠብቁት፤ ግልባጩንም በቅርብ ዘመድ ዘንድ አኑሩ። እንዲሁም አትብሉ በተባላችሁበት ሰዓት አትብሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፥ ንጹሕ ውኃም ከ2 ሰዓት በፊት እንዲቋረጥ ነው። «አቅም ያጣል» ብላችሁ በሽተኛውን በስውር አጥሚት ማጠጣት ለፍቅር የተደረገ ቢመስልም ወደ ሞት የሚገፋ ነው፤ በሆዱ ያለው ምግብ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላልና። ከ2011ዱ የእንግሊዝ ዘገባም የምንረዳው በማደንዘዣ ጊዜ ከሞቱት ሰዎች የብዙዎቹ ምክንያት ይኸው እንደ ነበረ ነው።

የሰው ትንፋሽ በሌላ ሰው እጅ የሚወድቅባት ያች አጭር ጊዜ እንደማትቀር ሁሉ፥ ወደ እርሷ ባዶ እጅን ሄዶ መድረስ ወይም ተዘጋጅቶ መድረስ ግን በእኛ ፈቃድ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። እንግዲህ ባለሙያው፥ «አፍዎን ይክፈቱ፤ ምላስዎን ያውጡ» ባለ ጊዜ አንባቢያችን ቅር ሳይለው አፉን ሰፋ አድርጎ ይክፈት። ባለሙያው ሳይጠይቀው የቀረ እንደ ሆነም፥ «ጌታዬ፥ አፌንና አንገቴን አላዩልኝም» ብሎ በትሕትና ያሳስበው።